ከባሕር ዛፍ እስከ ቁንጮ ጤፍ፤ አርሶ አደሩ አዲስ ቴክኖሎጂን ለምን ይቀበላል? ለምንስ ይተዋል?

እንደሚታወቀው የአገራችን ኢኮኖሚ መሠረት ግብርና ነው። ግብርናው በዘመናዊ ቴክኖሎጂ ካልተደገፈ በየዓመቱ የሚጨምረውን ሕዝብ መመገብ እንደማይችልም በየስብሰባው ይነገራል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በዚያው ስብሰባ ላይ አብሮ የሚነሳ አንድ አባባል አለ። ‹‹አርሶ አደሩ ኋላ ቀር አመለካከት ስላለው አዲስ ነገር አይቀበልም›› የሚል ነው። ዩኒየኑ የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ወቅት ይህን አባባል በታሪክ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ተገቢ ይሆናል። ምክንያቱም ያለፉት መቶ ዓመታት የሚያሳዩን አርሶ አደሩ አዲስ ነገር ሲቀበልም ሲተውም በስሌት መሆኑን ነው። ስሌቱን ያልተረዳ ባለሙያና አመራር ደግሞ የሚያከፋፍለው እንጂ የሚያስፋፋው ቴክኖሎጂ አይኖረውም።

ማንም ሳያስገድድ የተስፋፋ ዛፍ

በአገራችን ገጠር ውስጥ እንደ ባሕር ዛፍ በፍጥነትና በስፋት የገባ አዲስ ነገር ማግኘት ያስቸግራል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ በሚቆረጠው እንጨት ምክንያት በዙሪያዋ የነበረው ደን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመናመነ። ችግሩ ከመጽናቱ የተነሳ ዐፄ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር አስበው ግንባታ እስከማስጀመር ደርሰው ነበር። ዋና ከተማይቱን በቦታዋ እንድትቀር ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ በ1887 ዓ.ም. አካባቢ ወደ አገር የገባው የአውስትራሊያው ዛፍ ነው። ከባሕር ማዶ በመምጣቱም ሕዝቡ ባሕር ዛፍ አለው።

ዛፉ ከከተማ ወጥቶ በሸዋ፣ በጉራጌ፣ በጎጃምና በሌሎች ደጋና ወይናደጋ አካባቢዎች ወደ አርሶ አደሩ ጓሮ ሲገባ የሚያስተዋውቀው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ፣ የሚያበድረው ተቋም ወይም የሚቆጣጠረው ኮሚቴ አልነበረም። አርሶ አደሩ የተመለከተው በዓይኑ ነበር። በጥቂት ዓመታት ይደርሳል፤ ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ከብት አይበላውም፤ ለእህል በማይመች ጥግና ገደላገደል ላይ ይበቅላል፤ ገንዘብ ሲያስፈልግ ገዢው ቤት ድረስ ይመጣል። ልጅ ሲዳር፣ ግብር ሲደርስ ወይም በሬ ሲሞት ቆርጦ የሚሸጠው ነገር አለው ማለት ነው።

ባሕር ዛፍ ጉዳት የለውም ማለት ግን አይደለም። ከማሳ አጠገብ ሲተከል እርጥበትና ለም አፈር በመሻማት አዝመራ እንደሚያቀጭጭ አርሶ አደሩ ራሱ ከባለሙያ ቀድሞ ያውቀዋል። ቢሆንም ጥቅሙንና ጉዳቱን አመዛዝኖ ተክሎታል። በቅርብ ዓመታትም በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ ወረዳ ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። አፈሩ በአሲዳማነት ተጎድቶ የእህል ምርት ሲቀንስ አርሶ አደሮች ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዝርያ በመትከል፣ ችግኙ ገና ትንሽ ሳለ በመካከሉ ጤፍ እየዘሩ፣ ሲደርስም ከሰል አክስለው በመሸጥ ኑሯቸውን ደጉመዋል።

ምርቱ ጨመረ፤ ትርፉ ግን የማን ሆነ?

የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ታሪክ ከዚህ የተለየ ነው። በተደራጀ መልክ ከተጀመረባቸው ሥራዎች ዋነኛው በስዊድን መንግሥት ድጋፍ በ1960 ዓ.ም. በአርሲ ክፍለ ሀገር፣ መቀመጫውን አሰላ አድርጎ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ወይም በአጭር ስሙ ካዱ ነበር። ካዱ የተሻሻለ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ በብድር አቀረበ፤ የወተት ላሞችን አዳቀለ፤ የገበያ ማዕከላትን ከፈተ። ቀጥሎም በ1963/64 ዓ.ም. ሚኒመም ፓኬጅ የተባለው ፕሮግራም ማዳበሪያን፣ ምርጥ ዘርንና ብድርን ይዞ መኪና በሚገባባቸው ዋና ዋና መንገዶች ዳር ወደሚገኙ ወረዳዎች ተስፋፋ።

በጭላሎ የስንዴ ምርት እንደተጠበቀው ጨመረ። ነገር ግን የመሬቱ ባለቤት አራሹ አልነበረም። የእኩል አራሽ የሆነ ጪሰኛ የማዳበሪያውን ዕዳ ራሱ ተሸክሞ ከሚያገኘው ጭማሪ ግማሹን ለባለርስቱ ያስረክባል። ከዚህም የባሰ መጣ። አዲሱ ዘርና ማዳበሪያ ትርፍ ማምጣታቸውን ያዩ ባለርስቶች መሬቱን ከጪሰኛ እየነጠቁ በትራክተር ማረስ ጀመሩ። ብዙ ቤተሰቦችም ከኖሩበት ቀዬ ተፈናቀሉ። ድሃውን ይረዳል ተብሎ የመጣው ቴክኖሎጂ የድሃውን መሬት አስወሰደ።

እንግዲህ በዚያ ዘመን ማዳበሪያ አልወስድም ያለ ጪሰኛ ኋላ ቀር ነበር ማለት ይቻላልን? አንድ ቴክኖሎጂ ምርት መጨመሩ ብቻ በቂ አይደለም፤ ጭማሪው በማን ጎተራ እንደሚገባ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የጪሰኝነትን ሥርዓት ሲያስቀር አንዱን ትልቅ መሰናክል ያስወገደው በዚህ ምክንያት ነው።

የኮታው ዘመን

ከአዋጁ በኋላ ሌላ መሰናክል ተተካ። የእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን ከአርሶ አደሩ ላይ እህል በኮታ፣ ከክፍት ገበያው በታች በሆነ ዋጋ ይረከብ ጀመር። ብዙ ያመረተ ብዙ ኮታ ይጠበቅበታል። ኮታው ያልሞላለት አርሶ አደር ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ለመንግሥት ያስረከበበት ጊዜም ነበር። ማዳበሪያው፣ ምርጥ ዘሩና ብድሩ ደግሞ በቅድሚያ የሚሰጠው ለመንግሥት እርሻዎችና ለአምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ነበር።

የካቲት 26 ቀን 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ምን እንደተከሰተ በዕድሜ የገፉ አባላት ያስታውሱታል። አባላቱ መውጣት እንደሚችሉ በተነገራቸው በጥቂት ወራት ውስጥ አብዛኞቹ አምራች ማኅበራት ፈረሱ። መሬቱም በሬውም ተከፋፈለ። የኅብረት ሥራ የሚለው ስም ራሱ ለዓመታት በጥርጣሬ ይታይ የነበረው ከዚህ የተነሳ ነው። በግዴታ የገባ ነገር ግዴታው የተነሳ ዕለት ይወጣል።

ግሎባልና የበቆሎው ዓመት

በ1985 ዓ.ም. ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተባለው ድርጅት ከግብርና ሚኒስቴር ጋር ሥራ ጀመረ። ከጀርባው እ.ኤ.አ. በ1970 የኖቤል የሰላም ሽልማት የተቀበሉት የስንዴ ተመራማሪ ዶክተር ኖርማን ቦርሎግና የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ነበሩ። አሠራሩ ቀላል ነበር። አርሶ አደሩ በራሱ ማሳ ላይ እስከ ግማሽ ሄክታር የሚደርስ ሠርቶ ማሳያ ይይዛል፤ ዳፕ፣ ዩሪያና ምርጥ ዘር በብድር ይሰጠዋል፤ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው እየተመላለሰ ያግዘዋል፤ ጎረቤቱም ከአጥር ማዶ ሆኖ ያያል። በዚያው ዓመት ከባኮ ምርምር ማዕከል የተለቀቀው ቢኤች-660 የተባለ ዲቃላ በቆሎ ለዚህ ሥራ ተስማሚ ሆኖ ተገኘ። ከ15 እስከ 20 ኩንታል ይገኝበት ከነበረ አንድ ሄክታር 40 እና 50 ኩንታል ሲታፈስ ያየ ሰው ልመና አያስፈልገውም። በ1987 ዓ.ም. መንግሥት ዘዴውን የአገር አቀፍ ኤክስቴንሽን ሥርዓት አደረገው። በጥቂት ዓመታትም በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ አርሶ አደሮች ተካተቱ።

ፈተናው የመጣው ከማሳ ሳይሆን ከገበያ ነበር። በተከታታይ ጥሩ ዝናብ ከተገኘ በኋላ በ1994 ዓ.ም. የበቆሎ ዋጋ ከግማሽ በላይ ወረደ። በአንዳንድ አካባቢዎች ለመሰብሰቢያና ለማጓጓዣ የሚወጣው ወጪ ስለማይመለስ በቆሎው ማሳ ላይ ቀረ። የማዳበሪያ ዕዳ የሚከፈለው ደግሞ እህሉ እንደተወቃ፣ ዋጋው እጅግ በወረደበት ወር ነበር። በሬውንና ላሙን ሸጦ ዕዳውን የከፈለ አርሶ አደር ጥቂት አልነበረም። በተከታዩ የምርት ዘመን ብዙዎች የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ፍላጎታቸውን ቀነሱ። በላዩ ላይ ዝናቡ ተቋረጠ፤ በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ ዕርዳታ ፈላጊ ሆነ።

‹‹በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ›› ይባላል። በዚያ ዓመት ግን ሣሩን ብቻ ያየው አርሶ አደሩ አልነበረም። ምርት እንዲጨምር የታቀደውን ያህል ምርቱ ሲገኝ ማን እንደሚገዛው፣ የት እንደሚከማች፣ ዕዳው መቼ እንደሚከፈል አልታቀደም ነበር።

የአዮዋ ገበሬዎችም እንዲሁ ነበሩ

ይህ ጥንቃቄ የእኛ አገር አርሶ አደር ብቻ ጠባይ አይደለም። ዲቃላ በቆሎ በአሜሪካ በአዮዋ ግዛት ለገበሬው መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ነበር። ራያንና ግሮስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1943 ባሳተሙት ጥናት በሁለት መንደሮች የሚገኙ 259 ገበሬዎችን ጠይቀው እንዳረጋገጡት ከሁለቱ በስተቀር ሁሉም ዘሩን እስከ 1941 ድረስ ተቀብለውታል። ነገር ግን ይህ ከአሥር ዓመት በላይ ወስዷል። አብዛኛው ገበሬ ስለ ዘሩ የሰማው ከዘር ሻጭ ሲሆን እንዲሞክረው ያሳመነው ግን ጎረቤቱ ነበር። ሲጀምርም ማሳውን በሙሉ አልዘራም፤ በመጀመሪያው ዓመት ጥቂት ሞክሮ፣ ከአሮጌው ዘር ጋር አስተያይቶ፣ ከዚያ ጨመረ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ነው።

ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1957 ዝቪ ግሪሊከስ የተባለው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ዘሩ በየግዛቱ የተስፋፋበት ፍጥነት የሚለያየው በዋናነት በሚያስገኘው ትርፍ ልክ መሆኑን አሳይቷል። ዘር አምራች ኩባንያዎችም ቢሆኑ ቀድመው የገቡት ገበያው ወደሚያዋጣቸው አካባቢ ነበር። ኢንዱስትሪውም አርሶ አደሩም በአንድ ሚዛን ነው የሚመዝኑት።

የጉልበት ሒሳብ

በወረቀት ላይ ትርፋማ የሚመስል ቴክኖሎጂ አንዳንድ ጊዜ በማሳ ላይ የሚወድቀው ጉልበትን ስለማያሰላ ነው። አገራችን ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መረሬ ወይም ጥቁር አፈር አላት። ይህ አፈር በክረምት ውኃ ስለሚቋጥር አርሶ አደሩ ዝናቡ ሊወጣ ሲል ዘርቶ በተረፈው እርጥበት ያመርታል። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ግን ቤተሰቡ በሙሉ፣ ሴቶችና ልጆችም ጭምር፣ አፈሩን በእጅ እያነሱ ሰፋፊ መደብ በመሥራት ውኃውን ያጠነፍፉ ነበር። ተመራማሪዎች ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይህንኑ ሥራ በበሬ ለማከናወን ሁለት ማረሻዎችን በማገናኘት ቢቢኤም የተባለውን የመደብ ማውጫ ሠሩ። መሣሪያው 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መደብና 40 ሳንቲ ሜትር ቦይ ያወጣል። ስንዴ ቀደም ብሎ እንዲዘራ በማስቻሉ ጠቀሜታው አያጠራጥርም።

ሆኖም የመጀመሪያዎቹ ቢቢኤሞች ከባዶች ነበሩ። በክረምት የከሳ በሬ አይጎትታቸውም፤ አንድ በሬ ብቻ ያለውና በመቀናጆ የሚያርስ አርሶ አደር ደግሞ ተራው እስኪደርስ የዘር ጊዜ ያልፍበታል። የአገሩ ማረሻ ለምን እስከ ዛሬ እንደቆየ የሚገባንም እዚህ ላይ ነው። ሞፈርና ቀንበሩ ከእንጨት በቤት ይሠራል፤ ሲሰበር በቤት ይጠገናል፤ በትከሻ ተይዞ ከማሳ ማሳ ይኬዳል። አዲስ መሣሪያ ሊተካው የሚችለው እነዚህን ጥቅሞች ሳያሳጣ የተሻለ ሲሠራ ብቻ ነው። ቢቢኤምም ተቀባይነቱ የተሻሻለው እየቀለለ ሲሄድና በአካባቢ መሥራት ሲቻል ነው።

ጤፍን በመስመር መዝራትም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በስፋት ሲቀሰቀስ፣ በመበተን ሲዘራ ለሄክታር 25 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ የሚፈጀው ዘር በመስመር ከ3 እስከ 5 ኪሎ ግራም ብቻ ይበቃዋል ተብሎ ነበር። ጤፉ ቦታ አግኝቶ ስለሚያድግ የተሻለ ምርት ያገኙ ብዙ ናቸው። ይሁን እንጂ ያንን የደቀቀ ዘር በጭቃ ውስጥ በእጅ እየቆነጠሩ መስመር ማስያዝ ሰው ይጨርሳል። ቀን ሠራተኛ ለመቅጠር አቅም የሌለው፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ወይም ከተማ የሄዱበት አርሶ አደር ለማሳያ ያህል በመስመር ዘርቶ የቀረውን በትኖታል። ይህ ስንፍና አይደለም። የዘር መዝሪያ መሣሪያ ባልቀረበበት ሁኔታ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር።

በተቃራኒው ጉልበት የሚቆጥብ ነገር ሲመጣ አርሶ አደሩ አይዘገይም። በአርሲና ባሌ ስንዴ አብቃይ ወረዳዎች ኮምባይነር ገዝቶ የሚያቆም አርሶ አደር ጥቂት ቢሆንም በየኩንታሉ እየከፈለ የሚያሳጭደው እጅግ ብዙ ነው። ማሽኑን ሳይገዛ አገልግሎቱን መግዛት በመቻሉ በደረሰ ሰብል ላይ የሚመጣ ያልታሰበ ዝናብን ፍራቻ ቀነሰለት።

በፍጥነት የተወሰዱ ዘሮች

በ1998 ዓ.ም. ከደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል የተለቀቀው ቁንጮ ጤፍ ሌላው ጥሩ ምሳሌ ነው። ከዚያ በፊት ማኛ ተብላ የምትታወቀው ዲዜድ-01-196 ነጭና ተፈላጊ ብትሆንም ምርቷ ዝቅተኛ ነበር። ዲዜድ-01-974 ደግሞ ምርታማ ሆና ሳለ በንጣቷ ማኛን አትደርስም። ተመራማሪዎቹ ሁለቱን አዳቅለው ምርታማነትንና ንጣትን በአንድ ዘር አገናኙ። ነጋዴው የሚፈልገው ነጭ ጤፍ መሆኑን ያወቀው አርሶ አደር ዘሩን ከጎረቤትና ከዘመድ እየተለዋወጠ ራሱ አሰራጨው። ጤፍ እንደ ዲቃላ በቆሎ በየዓመቱ አዲስ ዘር መግዛት ግዴታ የማይሆንበት ሰብል መሆኑም ረድቷል።

በስንዴም ቢሆን ችግር ራሱ አስተማሪ የሆነበት ጊዜ ነበር። በ2002/03 የምርት ዘመን ቢጫ ዋግ ኩብሳና ገለማ የተባሉትን በሰፊው ይዘሩ የነበሩ ዝርያዎች ክፉኛ መታ። አርሶ አደሩ በፍጥነት ወደ ዲገሉና ወደ ሌሎች ዋጉን ወደሚቋቋሙ ዝርያዎች ዞረ። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ዲገሉ በግንድ ዋግ ተመታ። ስለዚህ ቴክኖሎጂ አንዴ ተሰጥቶ የሚያበቃ አይደለም፤ ምትክ ዘር ያለማቋረጥ መቅረብ አለበት።

የኅብረት ሥራ ድርሻ

ከላይ የተጠቀሱት ታሪኮች ወደ አንድ ነጥብ ያመጡናል። አርሶ አደሩ አዲስ ነገር ሲቀርብለት ጥቂት ጥያቄዎችን ይጠይቃል። ትርፉ የማን ነው? ቢከስር ዕዳው የማን ነው? ምርቱን ማን ይገዛኛል? ጉልበቱን ከየት አመጣለሁ? በጥቂቱ ሞክሬ ካልሆነልኝ ልተወው እችላለሁን? ለእነዚህ ጥያቄዎች አንድ ቤተሰብ ብቻውን ሊመልስ የማይችለውን በጋራ ለመመለስ የሚያስችለው ኅብረት ሥራ ነው።

በታኅሣሥ 1991 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 አባልነትን በፈቃደኝነት፣ አሠራሩንም በአባላት ውሳኔ ላይ መሠረተ። በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 985 ቢተካም መርሁ ጸንቶ ቆይቷል። ዩኒየኖችም በዚህ መሠረት ተስፋፍተው በማዳበሪያ ስርጭት፣ በዘር ብዜትና በምርት ግብይት ትልቅ ድርሻ ያዙ። በቡና አካባቢዎች ዩኒየኖች ለውጭ ገዢ በቀጥታ መሸጥ ሲችሉና ትርፉ ለአባላት መከፋፈል ሲጀምር፣ አባሉ አረንጓዴውን ትቶ ቀዩን እሸት ብቻ ለቅሞ ወደ ማጠቢያ ጣቢያ ማምጣት እንደሚያዋጣው አየ። ለዓመታት በምክር ያልተለወጠው አለቃቀም በዋጋ ልዩነት ተለወጠ። የቢራ ገብስ አምራቾችም ከፋብሪካ ጋር በውል ሲተሳሰሩ የተሻሻለውን ዘር የወሰዱት ገዢው አስቀድሞ በመታወቁ ነው።

ይሁን እንጂ ኅብረት ሥራ የሚለው ስም ብቻውን መድኃኒት አይደለም። ማዳበሪያው የዘር ጊዜ ካለፈ በኋላ ከደረሰ፣ ምርጥ ዘር የተባለው ካልበቀለ፣ መሠረታዊ ማኅበሩ ለአባሉ ሒሳቡን በግልጽ ካላሳወቀ አባሉ እምነት ያጣል፤ የጠፋን እምነት መመለስ ደግሞ ከማዳበሪያ ይልቅ ውድ ነው። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ ሲንር እንደታየው የግብዓት ወጪ ከአርሶ አደሩ ቁጥጥር ውጭ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለ ጊዜ ኮምፖስት፣ ለአሲዳማ መሬት ኖራ፣ ጥራጥሬን እያፈራረቁ መዝራትና የመሳሰሉትን አማራጮች ማቅረብ የዩኒየኑም የባለሙያውም ኃላፊነት ነው።

ለአመራሩም አንድ ነገር ሳይነሳ መታለፍ የለበትም። በሪፖርት ላይ ‹‹ይህን ያህል አርሶ አደር ቴክኖሎጂውን ተጠቀመ›› ሲባል የሚቆጠረው አብዛኛውን ጊዜ የተከፋፈለው ነው። ትክክለኛው ቆጠራ የሚጀምረው ድጋፉ፣ ቅስቀሳውና ክትትሉ ከቀነሰ በኋላ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ነው። በሦስተኛው ዓመት በራሱ ገንዘብ የገዛ፣ ለጎረቤቱም ያካፈለ አርሶ አደር ቴክኖሎጂውን ተቀብሏል። የተወው ካለ ደግሞ ከመውቀስ በፊት ቁጭ ብሎ ምክንያቱን መጠየቅ ይገባል። በጭላሎ ጪሰኛው፣ በኮታው ዘመን አምራቹ፣ በ1994 ዓ.ም. በቆሎ ሻጩ ምክንያት ነበራቸው፤ በጊዜው የጠየቃቸው ግን ጥቂት ነበር።

ዩኒየኑ ወደሚቀጥሉት ዓመታት ሲሻገር አዳዲስ ዘሮች፣ መሣሪያዎችና አሠራሮች መምጣታቸው አይቀርም። አባላት በጠቅላላ ጉባኤያቸው ላይ የሚያነሷቸው ከባድ ጥያቄዎች የለውጥ እንቅፋት ተደርገው ሳይሆን ለውጡ የሚመዘንባቸው ሚዛኖች ሆነው ቢደመጡ፣ የሚገባው ቴክኖሎጂ ይገባል፤ የገባውም ይቆያል።

መልካም የምሥረታ በዓል!